ፈረሰኛ ስታልፉ ክላክሱን ተዉት፦ ለጅማ ሾፌሮችና ለመንገድ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ የትራንስፖርትና የመንገድ ደኅንነት ኃላፊዎች፣
ለትራፊክ ፖሊስ አባላት፣
ለባጃጅ፣ ለሚኒባስና ለጭነት መኪና አሽከርካሪዎች፣
በፈረስ ወደ ከተማችን ለምትመጡ አባቶችና ወንድሞችም ጭምር

ጤና ይስጥልኝ።

የምለምናችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ከፊታችሁ ፈረሰኛ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ። ክላክስ አታድርጉ። ራቅ ብላችሁ እለፉ። ልመናዬ ይኼው ነው። ግን ምክንያቱ ካልገባን ማናችንም ልማዳችንን አንተውም። ስለዚህ ትዕግሥታችሁን ለምኜ በዝርዝር ልጻፈው።

የምኖረው ከሰቃ ጨቆርሳ በሚያስገባው መንገድ ዳር ነው። ሱቄም እዚያው ነው። የሂርማታ ገበያ ከድሮ ጀምሮ ሐሙስ እንደሚደምቅ ታውቃላችሁ። ሐሙስ ጠዋት በሬን ስከፍት ፈረሰኛው ቀድሞኝ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ማርና ቅቤ ጭኗል። ሌላው ቡናውን ሊሸጥ ነው። ሽማግሌዎች ለቅሶ ለመድረስ ይመጣሉ። የታመመች ሚስቱን ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድ ባልም አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ሌላ መንገድ የላቸውም። ከቀበሌያቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ጭቃ በክረምት ባጃጅ አያስገባም። ፈረሱ ግን ይወጣዋል።

ከተማችንም ለፈረስ ባዕድ አይደለችም። ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ሁለተኛው አባ ጅፋር ዛሬም የምናስታውሳቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ማለት ነው። ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት ላይ ከመኪና በፊት የወጣው ፈረስና በቅሎ ነው። ዛሬ ፈረሰኛውን «መንገድ ዘጋ» ብለን ስንቆጣው ይኼን ብናስብ ደስ ይለኛል። መንገዱ የእሱም ነው።

አሁን ወደ ክላክሱ ልምጣ። ደብዳቤውን ያጻፈኝም እሱ ነው።

አብዛኛው ሾፌር ክላክስ የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ይኼን ከልቤ አምናለሁ። «መጥቻለሁ፣ ጥግህን ያዝ» ለማለት ነው። ለእግረኛ ይሠራል። ለብስክሌተኛም ይሠራል። ፈረሰኛውም ቢሆን ይሰማል፣ ይገባዋል። የማይገባው ፈረሱ ነው። በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው ደግሞ ፈረሱ ነው።

ፈረስ በአውሬ ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው። ቀንድ የለው፣ ጥፍር የለው። ነፍሱን ያቆየው እግሩ ነው። ስለዚህ ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣበት ምንድን ነው ብሎ አያጣራም። መጀመሪያ ይበረግጋል፣ ይሸሻል። ዞሮ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮውም ከእኛ የሰላ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ነው፤ የፈረስ ከ30 ሺህ ያልፋል። እኛ ጭራሽ የማይሰማንን ቀጭን ድምፅ እየሰማ ነው የሚሄደው። የባጃጅ ክላክስ አጠገቡ ሲጮኽ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ዓይኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ያያል። የማያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ግንባሩ ፊት ለፊት፣ አፍንጫው ሥር ያለው ነው። ሌላው ልክ ከጭራው ጀርባ ነው። ባጃጅ ተጠግቶ የሚከተለው የት ነው? ልክ ከጭራው ጀርባ። ከሩቅ የሚመጣውን ሲኖትራክ ፈረሱ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ አዙሮ እየሰማ፣ በጎን ዓይኑ እያየ ይዘጋጅለታል። ትንሿ ባጃጅ ግን ከማያይበት ቦታ፣ ከሁለት ሜትር ላይ ትጮኽበታለች። በኔ መንገድ ላይ ፈረስ ሲደነብር ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ያስደነበረው ትልቁ መኪና አይደለም።

ባለፈው ክረምት ሱቄ ፊት ለፊት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ በዳማ ፈረስ ከገበያ እየተመለሱ ነበር። ከኮርቻው ኋላ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና የያዘ ማዳበሪያ ታስሯል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው ጉድጓድ ውሃ ሞልቷል። ፈረሱ ውሃው ጋ ሲደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ፊት ተቀሰሩ። ፈረስ የውሃውን ጥልቀት መገመት ስለማይችል ኩሬ ይፈራል። ሽማግሌው በተረከዛቸው ነካ አደረጉት። እሱ ግን አንዴ ወደ ውሃው፣ አንዴ ወደ አስፋልቱ ያያል። ልክ እዚያ ላይ ከኋላ የደረሰ ባጃጅ ክላክሱን አምባረቀው።

ፈረሱ በጎኑ ወደ አስፋልቱ ዘለለ። የኋላ እግሮቹ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተቱ። ሽማግሌው በግራ በኩል ወደቁ። አንድ እግራቸው ግን እርካቡ ውስጥ ቀረ። ፈረሱ ሽምጥ ቢነሳ ኖሮ እየጎተታቸው ይሄድ ነበር። ጎረቤት ጋራዥ የሚሠራ ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሮጦ ልጓሙን ያዘ። ትከሻቸው ወለቀ። ስኳሩ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። የባጃጁ ልጅ ወርዶ ይንቀጠቀጣል። ገና ወጣት ነው። «አባባ፣ እኔ መምጣቴን እንዲያውቁ ብዬ ነው» ይላቸዋል። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ታቅፈው፣ «እኔማ ሰምቼሃለሁ ኢልመ ኮ (ልጄ)፤ እሱን ምን ላድርገው» አሉት።

በዚያ ልጅ ላይ አልፈርድም። በኋላ ሳወራው፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ስለ ፈረስ አንድም ቃል የነገረው ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ፈረስ ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ ይኼን ከየት ያመጣዋል? አንድ ሰው ሊነግረው ይገባ ነበር። ስለዚህ ለሱና ለጓደኞቹ የማውቀውን ልንገራቸው።

ወንድሞቼ፣ ፈረስ ከሩቅ ስታዩ ያኔውኑ ነዳጁን ልቀቁ። አጠገቡ ደርሶ ፍሬን መርገጥ ዋጋ የለውም። በተለይ የአየር ፍሬን ያለው መኪና የምትነዱ፣ ፈረሱ ጎን ስትደርሱ ፍሬኑ «ፍሽሽ» ካለ ከክላክስ አይተናነስም። ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ። ከኋላው ስትከተሉ አትጠጉት። ከፊት መኪና እየመጣ ከሆነ መሐል ላይ ልግባ አትበሉ፤ ጠብቁ። መንገዱ ሲከፈት በደንብ ወደ ግራ ወጥታችሁ፣ ሞተር ሳታስጮኹ እለፉ። ካለፋችሁ በኋላም ወዲያው ነዳጅ አትስጡ። ትንሽ እስክትርቁ ድረስ በዚያው ሂዱ። ረዳቶችም እባካችሁ፣ ፈረስ ጎን ስትደርሱ የመኪናውን አካል አትደብድቡ፣ በመስኮት ወጥታችሁ አትጩኹ። የጭነት መኪና ሸራም በደንብ ይታሰር። የቡና ወቅት ሲመጣ አይሱዙዎቹ ይበዛሉ፣ ነፋስ ላይ የሚርገበገብ ሸራ ደግሞ ለፈረስ ክንፍ እንዳለው ጭራቅ ነው።

ፈረስ ሊደነብር ሲል ይታወቃል። አንገቱን ድንገት ቀና ያደርጋል። ጆሮውን ወደ አንድ ነገር ቀስሮ ይቆማል፣ ወይም ወደ ኋላ ይለጥፈዋል። ጭራውን ይቋጥራል። በጎኑ መራመድ ይጀምራል። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቁሙ። ፈረሰኛው እጁን ቢያነሳም ቁሙ። እስኪያረጋጋው የሚፈጀው ጊዜ አንድ ተሳፋሪ ዝርዝር ሂሳብ እስኪቀበል ከሚፈጀው አይበልጥም። በክረምት ደግሞ ከፈረሱ ፊት ውሃ የሞላ ጉድጓድ፣ የተከፈተ ቱቦ ወይም ነፋስ የሚያበረው ፌስታል ካለ፣ ወደ እናንተ በኩል ሊዘል እንደሚችል አስቀድማችሁ ገምቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ውርንጭላው። ባዝራ ይዞ ገበያ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ውርንጭላዋ ሳትታሰር ከኋላ ትከተላለች። ባዝራዋ መንገዱን ተሻግራ ስታበቃ ሾፌሩ «አለፉ» ብሎ ነዳጅ ይሰጣል። ውርንጭላዋ ግን እናቷ በተነሳችበት ማዶ ሣር እየነጨች ቀርታለች። እናቷ ስትርቅባት ቀና ትላለች፣ ታሽካካለች፣ ከዚያ ግራ ቀኝ ሳታይ በሩጫ ትሻገራለች። እናትየውም ድምፅዋን ስትሰማ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ ጌታዋ ልጓም ቢስብም አትሰማም። ስለዚህ ባዝራ ስትሻገር ካያችሁ የተነሳችበትን ማዶ ተመልከቱ።

«ፈረስ ቢገጨኝ እኔ መኪና ውስጥ ነኝ» የሚል ሾፌር ካለ ይኼንንም ይወቅ። ፈረስ እግረ ረጅም ነው። አነስተኛ መኪና ስትገጨው የምትመታው እግሩን ነው። ከሁለት ኩንታል የሚበልጠው አካሉ ተነስቶ የሚያርፈው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። ባጃጅማ የሚከላከል ምንም ነገር የላትም።

ስለ ጋሪ ጥቂት ልበል። የጋሪ ፈረስ የከተማውን ጩኸት ስለለመደ ሰው ይደፍረዋል። ጋሪው ግን ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ራሱ ፈረሱን ይገፋዋል። ባጃጅ ፊቱ ገብቶ ተሳፋሪ ሊያወርድ ድንገት ሲቆም፣ ባለጋሪው ልጓሙን የቱንም ያህል ቢጎትት ፈረሱ ባለበት አይቆምለትም። የተለማመደ ፈረስም የሚበረግግበት ቀን አለው።

ማታው ደግሞ አለ። እኛ አገር ጀንበር ስትጠልቅ ጨለማው ወዲያው ነው። ከገበያ የሚመለሰው ፈረሰኛ 12 ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ ነው። ፈረሱ መብራት የለውም፤ ጥቁርና ዳማ ከሆነ ከአስፋልቱ አይለይም። የፈረስ ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሄድ ለመልመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ረጅሙን መብራት ዓይኑ ላይ አብርታችሁ ስታልፉት ለጥቂት ጊዜ ጉድጓዱንም ጥጉንም አያይም። መብራቱን ዝቅ አድርጉለት።

ይኼን ሁሉ የምለው ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። እንግሊዝ አገር የመንገድ ደንባቸው ስለ ፈረስ ለብቻው ይናገራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ ፈረሰኛን የሚያልፍ ሾፌር በሰዓት ከ10 ማይል፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ሜትር በታች እንዲነዳና ቢያንስ 2 ሜትር እንዲርቅ ተጻፈበት። 2 ሜትር ማለት በመካከላችሁ አንዲት ባጃጅ ብትገባ የምታልፍበት ያህል ነው። እነሱ ዘንድ አብዛኛው ሰው ፈረስ የሚቀመጠው ለመዝናናት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ፣ አብዛኛው የሚያድረው ሲሠራ ውሎ ነው። እኛ ልንጠነቀቅለት ይበልጥ ይገባናል።

አባቶቼ፣ እናንተንም ልለምናችሁ። አስፋልት ላይ ቀኝ ጥጋችሁን ይዛችሁ፣ አንዳችሁ ከአንዳችሁ ኋላ ሆናችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን እያወጋችሁ ስትሄዱ ሾፌሩ የሚያልፍበት ያጣል። ድልድይ ላይ፣ መኪና የበዛበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ውረዱና ልጓሙን ይዛችሁ ምሩት፤ እናንተ በመኪናው በኩል፣ ፈረሱ በጥግ በኩል ይሁን። ውርንጭላዋን ወይ ቤት ተዉአት፣ ወይ እሰሯት። ፈረሱ ገና ያልተገራ ከሆነ ሐሙስ ቀን ከተማ አምጥታችሁ አታስለምዱት። ትንንሽ ልጆችን ለብቻቸው ፈረስ አስይዛችሁ ወደ ከተማ አትላኩ። ለሠርግ አጃቢ ሆናችሁ ስትመጡም ሽምጡን ለሜዳው አቆዩት፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ፈረስ መቆም አይችልም። ካመሻችሁ ነጭ ጋቢያችሁን ከላይ ልበሱ፣ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ካገኛችሁ ከፈረሱ እግርና ከጭራው ሥር እሰሩለት። እግር ሲንቀሳቀስ ስለሚብለጨለጭ ሾፌር ከሩቅ ይለየዋል። የሚጠነቀቅላችሁ ሾፌር ሲያጋጥማችሁም እጃችሁን አንሱለት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ያ ሾፌር ግን በሚቀጥለው ፈረሰኛ ላይም ይጠነቀቃል።

ወደ እናንተ ኃላፊዎች ልመለስ። ከናንተ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ትምህርቱ ነው። በከተማችን ያሉ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ስለ ፈረስ፣ ስለ በቅሎና ስለ ጋሪ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ አድርጉ። ሥራ ላይ ላሉት የባጃጅ ሾፌሮች በየማኅበራቸው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አስተማሪም ሩቅ ሄደን አንፈልግም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ነው። መምህራኑና ተማሪዎቹ ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። የከተማችን ኤፍኤም ሬዲዮዎችም ረቡዕ ማታ ቢያስታውሱ ፈረሰኛውም ሾፌሩም ይሰማል።

ሁለተኛው የመንገዱ ጥግ ነው። ፈረሰኛው ወደ አስፋልቱ የሚወጣው ወዶ አይደለም፣ ጥጉ ስለተዘጋበት ነው። የግንባታ አሸዋና ጠጠር እዚያ ይከመራል። እኛ ነጋዴዎችም ዕቃ እናወጣበታለን፤ ይኼን ለመተው በኔ በኩል ዝግጁ ነኝ፣ ጎረቤቶቼንም እናገራለሁ። ቢያንስ ሐሙስ ሐሙስ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከዴዶና ከሰርቦ በኩል በሚያስገቡት መንገዶች ዳር ያለው የአፈር መሄጃ ነጻ ቢሆን ፈረሱ አስፋልት ሳይነካ ገበያ ይደርሳል። ለፈረስም አፈሩ ይሻለዋል፣ አይንሸራተትም። በነዚሁ መግቢያዎች ላይ የፈረስ ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት ቢተከል ከሌላ አገር ወደ ጅማ የሚመጣው ሾፌርም ይጠነቀቃል።

ሦስተኛው ማሰሪያ ቦታ ነው። ገበያው አጠገብ ጥላና ውሃ ያለበት አንድ ሜዳ ቢለይ ፈረሱ የመብራት እንጨት ላይ ታስሮ፣ ባጃጅ ጭራውን እየነካው አይውልም። ቀኑን ሙሉ የተረበሸና የተጠማ ፈረስ ማታ ሲመለስ በትንሽ ነገር ይደነብራል። ይኼን ፈረሰኞቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ለትራፊክ ፖሊሶች አንድ ልመና አለኝ። ሐሙስ ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ በመግቢያዎቹ ላይ ስትቆሙ፣ ፈረስ ላይ ክላክስ የሚያደርገውን ሾፌር አስቁማችሁ አናግሩት። መቅጣት ከፈለጋችሁ የናንተ ሥልጣን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማስረዳቱ ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል። ያ የባጃጅ ልጅ አሁን በሱቄ ፊት ሲያልፍ አየዋለሁ። ፈረስ ሲያይ ከሩቁ ቀዝቀዝ ይላል። ከኋላው ያለው ክላክስ ሲያደርግበት እጁን አውጥቶ «ቆይ» ይለዋል።

ከኔ ምን ይጠበቃል ለምትሉ፣ ማስታወቂያ ካዘጋጃችሁ የሱቄ ግድግዳ ይኸው። የባጃጅ ማኅበራት ሰብሳቢዎችን ለስብሰባ ከጠራችሁም ፈረሰኛ ሽማግሌዎችን አነጋግሬ ይዤ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ፈረሳቸውንም ይዘው ለመምጣት ፈቃደኛ ናቸው። ሾፌሮቹ ቀርበው ይዩት፣ ጆሮው እንዴት እንደሚዞር፣ ከኋላ ሲጠጉት ምን እንደሚያደርግ ራሳቸው ይመልከቱ። ከገበያ ቀን ውጭ የትኛውም ቀን ይመቸናል፤ ቀኑን እናንተ ቁረጡልን።

ከአክብሮት ጋር
በሰቃ መንገድ ዳር የሚኖር የጅማ ከተማ ነዋሪ